የፊቱ ዘንግ

በጋራዡ ውስጥ አንድ ሕግ ነበር። የትም አልተጻፈም፤ ግን የማያውቀው ሠራተኛ የለም። ተጠግኖ የሚወጣ መኪና መጀመሪያ ሲነዳ፣ ቡሎኑን ያጠበቀው ሰው ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል። ዝናብ ቢዘንብ፣ ባለቤቱ ቢቸኩል፣ ሠራተኛው ምሳውን ባይበላ፣ ለውጥ የለውም። ሕጉን ያወጣው ባለጋራዡ ራሱ ሲሆን፣ ከማንም በላይ የሚያከብረውም እሱ ነበር። ፍሬኑን የሠራለት የጭነት መኪና ጭነቱን ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ጎኑ ተቀምጦ ወርዷል። አንድ ጊዜም ትኩሳት ይዞት እያንቀጠቀጠው፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ጉብ ሲል ሠራተኞቹ አይተውታል።

ሴት ልጁ የፋብሪካ ሰርቪስ ሹፌር ናት። በሥራ ቀን ሠራተኛውን በአውቶብስ ሰብስባ ታመጣለች፣ ማታ ትመልሳለች። የእረፍት ጊዜዋን የምታሳልፈው ግን አባቷ ጋራዥ ውስጥ፣ ቱታ ለብሳ፣ ዳለቻዋ ሥር ተኝታ ነው። ዳለቻ የሚሏት አመድማ ቀለም ያላት ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ናት። ፊቷ ተጨፍልቆ፣ ሰው ተስፋ ቆርጦባት ነበር የመጣችው። አባትና ልጅ ብረቷን አቃንተው፣ ሞተሯን አውርደው መልሰው፣ ነፍስ ዘሩባት። አሁን ጉልበቷ ከአውቶብሱ ይበልጣል፤ ክብደቷ ግን የአውቶብሱን ሩብ አይሞላም።

በዓመት አንድ እሑድ ከከተማው ጀርባ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ለመንገደኛ ይዘጋና መኪኖች አንድ በአንድ እየተለቀቁ እስከ ጫፍ ይወዳደሩበታል። ባለፈው ዓመት ልጅቷ በዳለቻዋ ወጥታ በሰላም ደርሳለች። ያኔ የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማ እንዲከፋፈል አድርጎ ያዘጋጀላት አባቷ ነበር። ወዳጅ ዘመዱ እንኳን ደስ አለሽ ሲላት እሷ ፊቷ አልተፈታም። ዘንድሮ ውድድሩ ሲቃረብ፣ ወደ ፊት ጎማዎች ጉልበት የሚወስደውን ዘንግ አውጣልኝ አለችው፤ በኋላ ጎማ ብቻ ነው የምነዳት።

ጭቅጭቁ ከዚያ ጀመረ። አባትየው የሚለው ባዶ ግትርነት አልነበረም። ያን ሁሉ ጉልበት ሁለት ጎማ ላይ ስትጭኚው ጎማው ገና ሲነሳ መሬት መያዝ ያቅተዋል፣ ባለበት ይሽከረከራል አላት። አስፋልቱ ርጥብ ከሆነ ደግሞ ኋላዋ ዞሮ ፊቷን ይቀድማል። አራቱም ጎማ ሲጎትት ግን እግርሽ ቢሳሳት እንኳ መኪናዋ ትሸፍንልሻለች። ልጅቷ ይህን አልካደችም። የምታወራው ስለ ኩርባው ነበር። የፊት ጎማ መዞሩም መጎተቱም ሲጫንበት የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ውጭ ይገፋል፣ መሪው እጅ ላይ ይደነዝዛል፣ መሬቱን መልቀቋም የሚታወቀው ከለቀቀች በኋላ ነው። በኋላ ጎማ ሲሆን ግን ገና ልትለቅ ስትል ወንበሩ ላይ ይሰማል፤ ነዳጁንም መሪውንም እዚያው ማረም ይቻላል።

"ስህተቴን የምትሸፍን መኪና አልፈልግም" አለችው። "የምትነግረኝን ነው የምፈልገው።"

 የአባቷ ዓይን ግራ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኋላ ጎማ በምትሄድ ሌላ መኪና፣ እዚያው ዳገት ላይ ዞራ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ንግግራቸው መሃል ዓይኑ እዚያ ቦታ ሲያርፍ፣ ወሬው ስለ መኪና መሆኑ እንዳበቃ ታውቃለች።

"ትከሻዬን ተወው።"

"ማን ነካው?"

"አንተ። በዓይንህ።"

አጠገባቸው ጎማ ቤት ያለው አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ ጎማ እያንከባለለ ሲያልፍ ቆም ብሎ ሰማቸው። ካልተስማማችሁ ላስታርቃችሁ፣ በሦስት ጎማ ትሂድ አለ። ማንም አልሳቀለትም። ጎማውን እያንከባለለ መንገዱን ቀጠለ።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው አባትየው ድንገት እሺ አለ። አወጣዋለሁ፣ ነገ መጥተሽ ትሞክሪያታለሽ። እሺታው እንዲህ መቅለሉ ትንሽ ቢከነክናትም ደስታዋ በለጠ። በማግስቱ ጠዋት አውቶብሱን እየነዳች ስታፏጭ፣ ከኋላዋ የተቀመጡት ሠራተኞች ሹፌራችን ዛሬ ምን አገኘች ተባባሉ።

ከሥራ ወጥታ ስትደርስ ዳለቻዋ ታጥባ ደጅ ቆማለች። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ረጅም ዘንግ፣ ጫፍና ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። አባቷ ቁልፉን አቀበላት። ልጅቷ ገብታ ወንበሯን አስጠጋችና እጇን ዘርግታ የጎኑን በር ከፈተችለት።

"አንቺ ሂጂ" አለ። "ወገቤን ይዞኛል።"

በሩን ራሱ ከውጭ ዘጋላት።

ከጋራዡ ትንሽ ራቅ ብሎ የአሮጌ መጋዘን ግቢ አለ፤ ሰፊ፣ ጠጠር የፈሰሰበት፣ ሰው የማይደርስበት። ሁልጊዜ መኪና የሚሞክሩት እዚያ ነው። ልጅቷ ቀስ ብላ ክብ መዞር ጀመረችና ነዳጅ ጨመረች። በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋ መኪና እንዲያ ያለ ጠጠር ላይ እንዲያ ሲረገጥ ኋላው ወደ ጎን መሸሽ ነበረበት። ዳለቻዋ አልሸሸችም። አፍንጫዋን ወደ ውጭ ገፋች፣ መሪውም ደነዘዘ። ደገመችው። ያው ነው።

ሞተሩን አጠፋች። መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነበር፤ የለመድኩት ጠፍቶብኝ ይሆን አለች። ከዚያ ዓይኗ ባዶው ወንበር ላይ ወደቀ። ወንበሩን ትኩር ብላ አየችው። ትኩሳት ይዞት የገባ ሰው፣ ወገቤን ብሎ ይቀራል?

ያን ጊዜ ገባት። ዘንጉ ከቦታው አልተነሳም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሌላ መኪና ነው። አባቷ በአፉ ሊዋሻት ችሏል፤ ያልነካውን ቡሎን እንዳጠበቀ ሰው ሆኖ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን አልሆነለትም።

ተመልሳ መኪናዋን ጋራዡ ውስጥ አስገባች። ቱታዋን ለበሰች፣ ክሪኩን ጎትታ አመጣች፣ ዳለቻዋን አንስታ ከሥር ድጋፍ አቆመች። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

"አላወጣኸውም" አለችው።

"እናትሽ እንቅልፍ አጣች።"

"እማዬ ለጥ ብላ ነው የምታድረው። እንቅልፍ ያጣኸው አንተ ነህ።"

አባትየው የበሩን መቃን ተደገፈ።

"አላወጣም ብትለኝ እንጣላ ነበር፣ በቃ" አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር። "አንተ ግን ያላወቅኳትን መኪና ሰጥተህ ዳገት ልትሰድደኝ ነበር። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ኋላዋን ስጠብቅ አፍንጫዋ ገደል ለገደል ሲሄድ፣ ትከሻዬን ያኔ ማን ነበር የሚይዝልኝ?"

 መኪናዋ ሥር ገባች።

የፊቱ ዘንግ ቡሎኖች የእሱ እጅ ያጠበቃቸው ነበሩ፤ በዋዛ የሚለቁ አይደሉም። የመፍቻ ቁልፉ ጫፍ ላይ ቧንቧ ሰክታ ሁለት እግሯን ተክላ ስትጎትት ብረቱ ጮኸ። ሁለተኛው እምቢ አላት። አባቷ ሲጠጋ ጫማውን አየችው።

"አትምጣ" አለች ከሥር። "ቁልፍ ከነካህ ትቀመጣለህ። ሕጉ ያንተ ነው።"

ጫማው ባለበት ቆመ።

ሁሉም ቡሎኖች በየተራ ለቀቁ። ዘንጉ ሲወርድ በደረቷ ተቀበለችው፤ ከብዷት ትንፋሿን ሰብስባ ለአፍታ አቅፋው ተኛች። ከዚያ አንሸራታ አወጣችውና፣ ጉልበት የሚያከፋፍለውን ሣጥን ለኋላ ብቻ ቆለፈች፤ ክፍት የቀረውን አፍ በክዳን አሰረች። ስትወጣ ፊቷ በግሪስ ጠቁሯል። ዘንጉን አባቷ እግር አጠገብ አስቀመጠችው።

"ይኸው። ይኼ ነው የሷ።"

አጎትየው በጫጫታው መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ጠፋው።

ባለጋራዡ ዘንጉን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የተጋደመውን ቁልፍ አነሳ። እየተነፈሰ በጀርባው መኪናዋ ሥር ገባና ክዳኑ ላይ ካሉት ቡሎኖች አንዱን ይዞ ገፋው። ንቅንቅ አላለም። እንደማይል ድሮም ያውቃል፤ ልጁን ማጥበቅ ያስተማራት እሱ ነው። ቢሆንም ሁሉንም አንድ በአንድ ነካቸው። ወጥቶ ልብሱን አራገፈና ክሪኩ እስኪወርድ ጠብቆ የጎኑን በር ከፍቶ ተቀመጠ።

"ወገብህስ?" አለ አጎትየው።

"ጎማህን ጠብቅ።"

መጋዘኑ ግቢ ደርሰው ልጅቷ ክቡን ጀመረች። ነዳጅ ስትሰጥ ኋላዋ ወዲያው ወደ ጎን ሸሸ፤ ጠጠሩ እንደ ዝናብ ከሥር ተረጨ። አባትየው በሩን ጨመደደ። እሷ መሪውን መልሳ፣ እግሯን ለካ አድርጋ፣ መኪናዋ ጎን ለጎን እየሄደች ክቡን እንድትጨርስ አደረገቻት። ሁለተኛው ላይ ነዳጁ በዛባትና ዳለቻዋ ዙሪያዋን ዞራ በመጣችበት አቅጣጫ ፊቷን መልሳ ቆመች። አቧራው አልፏቸው ሄደ።

"ቸኮልሽ" አለ አባትየው። እጁ ገና በሩ ላይ ነበር። "መሪውን ሳትመልሺ ነዳጅ ሰጠሽ።"

"አውቃለሁ። እሷ ቀድማ ነግራኛለች።"

ትንፋሹን ሰበሰበ። "አሁንም ስህተት ነው እላለሁ። እሑድም እላለሁ።"

"በል" አለች ሞተሩን እያስነሳች። "ቀበቶህን ግን ጠበቅ አድርግ።"

ማርሽ አስገብታ እንደገና ጀመረች።