ከአሥራ ሦስተኛው ቀን በኋላ

«አትጠጊኝ እታለም፤ እዚያው መሬት ላይ አኑሪው» አለ ኬሻብ።

ታላቅ እህቱ ሳቢትራ የውሃውን እንስራ ወለሉ ላይ በእበት ከተሰመረው መስመር ወዲያ አስቀምጣ ተመለሰች። እናታቸው ቱልሳ ከሞተች ስምንተኛ ቀኗ ነው። ኬሻብ አንድያ ወንድ ልጇ ስለሆነ የሂንዱዎች የሐዘን ሕግ ያረፈው በእሱ ላይ ነው። ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ አገልድሞ፣ በእበት በታጠረች ጥግ ገለባ ላይ ተቀምጧል። ጨው የሌለው ሩዝ ራሱ ቀቅሎ በቀን አንዴ ይበላል። አሥራ ሦስት ቀን እስኪሞላ የሰው እጅ አይነካውም። ቤቱ በለቀስተኛ ጢም ብሎ፣ እሱ ግን ብቻውን ነበር።

በረንዳው ላይ ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅ! የሳንባ ካንሰር ከየት መጣባት?»

«አርባ ዓመት ሙሉ ያንን የማገዶ ጭስ ስትምግ ኖራ፣ ሲጋራ ምን ያደርግላታል?»

ኬሻብ ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ሳሉ ሲጀምራት «ጭሱ ነው፤ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪበት» ያላት እሱ ነው። ደም ስትተፋ ደግሞ ጤና ጣቢያው አክታዋን ሳይመረምር የቲቢ መድኃኒት ሰጣት። ሦስት ወር ውጣ ሲብስባት «ካትማንዱ ውሰደኝ» አለችው። ለራሷ ምንም ለምና የማታውቅ ሴት ነበረች።

«ሩዙን ተክለን ስንጨርስ፣ እማ» አላት።

ሩዙ ተተከለ። ከዚያ የዳሻይን በዓል መጣ፤ ከበዓሉ በኋላ አጨዳ። ሥራ መቼ አልቆ ያውቃል! በመጨረሻ ካትማንዱ ሲወስዳት ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና «ዕጢው ትንሽ ሳለ ብታመጣት ኖሮ ቆርጠን እናወጣላት ነበር» አለው።

አሁን ደግሞ ሳቢትራን ጓዳ ውስጥ ሳል ያዛት። ደረቅ ሳል ነው፤ አልቆም አላት። ኬሻብ ብድግ ሊል ምንም አልቀረውም።

«ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አንተ ደግሞ! ጭሱ ነው እኮ።»

«እታለም፣ ስንት ጊዜ?»

ወደ መስመሩ ቀረብ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። «ሁለት ወር። ትናንት ደም ነገር አየሁበት። በል ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል። ባሌ እንደሆነ ኳታር ነው፤ ማን ይወስደኛል? አሥራ ሦስተኛው ቀን ይውጣና አንተ ትወስደኛለህ።»

ኬሻብ ተነሣ። መስመሩን ተሻግሮ የእህቱን እጅ ያዘ። ለቀስተኞቹ ሴቶች ጮኹ።

«አብደሃል?» ከለቀስተኞቹ መካከል አጎቱ ዘለው ቆሙ። «የእናትህ ነፍስ መንገድ ላይ እንድትቀር ነው?»

«እናቴ ብትኖር እህትህን አሳክም ብላ አንገቴን ይዛ ነበር የምታስወጣኝ፣ አጎቴ። ሐዘኑን ተመልሼ ከአንድ እጀምረዋለሁ።» እሱም ፈርቶ ነበር።

ከእህቱ ጋር ወደ ካትማንዱ በተሳፈሩበት የቀትር አውቶቡስ ውስጥ፣ ነጭ ልብሱን ያየ ሁሉ ሸሸው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ከራጅ ክፍሉ በር ውጭ በባዶ እግሩ ቆመ። ሠራተኛዋ ውስጥ እህቱን «አየር ሳቢ፤ በቃ ያዢው፤ እንዳትተነፍሺ» ስትላት ተሰማው። ኬሻብም ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ፣ አየር ስቦ ያዘ።