ውኃ ያልወሰደው አረፋ

ሃያ ዓመት ልብስ ያጠበች ሴት አረፋ ያታልላታል ቢሉኝ እስቅ ነበር። አታለለኝ።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፣ ምድር ቤት። እንፋሎቱ ስለሚያፍን በቀን አራት ጠርሙስ ለስላሳ እጠጣ ነበር፣ ጉልበት ይሆነኛል ብዬ። ስኳር አለብሽ ከተባልኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ክኒኑን ሲያሻኝ እውጥ፣ ሳያሻኝ እተው ነበር። እግሬ ሲያብጥ ከመቆም ነው አልኩ። ሽንት ቤት አረፋ ሳይ ደግሞ፣ የሳሙና ባልዲ የምንደፋው እዚያው ስለሆነ፣ ሳሙና ነው ብዬ ውኃ ለቀቅሁበት።

አንድ ቀን ሽንት ቤት ከኋላዬ የገባችው ልብስ የምትተኩሰው ጓደኛዬ ነበረች። ምላሷ ስለሚያቃጥል ካውያ እንላታለን።

"አንቺ! ዛሬ ባልዲ ማን ደፋ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ይሄ አረፋ?"

"የትናንት ሳሙና ነዋ!"

"የሳሙና አረፋ ውኃ ይወስደዋል። ቤትሽስ?"

ባልዲ የማይደፋበት ቤቴም ነበር።

"እህቴን እንዲህ ነው የጀመራት። አሁን በሳምንት ሦስቴ ለኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ ትውላለች። ነገ ሐኪም ጋ እየጎተትኩ እወስድሻለሁ።"

"በግ ነኝ የምትጎትቺኝ?"

"በግስ ሲጎትቱት ይሄዳል፤ አንቺ በቅሎ ነሽ!"

ዕድሜዬን ሙሉ እጥበት ሲባል ፈርቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ፈራሁ። ሄድኩ።

ሐኪሟ ልጄን ታክላለች። ሽንቴንና ደሜን አስመርምራ ውጤቱን አየች። "እናቴ፣ ኩላሊት የደም ማጣሪያ ናት። ስኳርና የደም ግፊት ሲበዛባት ሰውነትዎ የሚፈልገውን ፕሮቲን በሽንት ታሳልፋለች። አረፋው እሱ ነው።"

"ተቀደደች በይኛ!"

"አልተቀደደችም፤ ሳስታለች።"

ከነገረችኝ ሁሉ ጆሮዬ የገባው ይሄ ነው። የሳሳ አንሶላ አውቃለሁ። በብሩሽ ከፈተጉት አለቀለት፤ በእጅ ቀስ ብለው ከያዙት ዓመታት ያገለግላል።

ለስላሳውን በውኃ ለወጥኩ፣ ጨው ቀነስኩ። ባሌ አንዴ ጎርሶ "ጨው ከአገር ጠፋ እንዴ?" አለ።

"ካልጣመህ እጅህ አልተቆረጠም፣ ራስህ ሥራ!"

በላ።

ካውያ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ትጠብቀኛለች። "ክኒኑን ዋጥሽ?"

"ዋጥኩ። አሁን አንቺን እንዳልውጥሽ!"

በሦስተኛው ወር እንደገና ተመረመርኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን ስታይ እኔ ፊቷን አያለሁ።

"ፕሮቲኑ በግማሽ ቀንሷል።"

"አልጠፋም?"

"አልጠፋም። እንዲህ ከያዟት ግን ብዙ ታገለግልዎታለች።"

ሥራ ቦታ ስመለስ ካውያ መተኮሷን ትታ አፍጥጣ ጠበቀችኝ። "ሐኪሟ ምን አለችሽ?" አለች። ለመወልወያ ከተጣለው ጨርቅ መሀል አንድ የሳሳ አንሶላ መዘዝኩና በእጅ ወደማጥብበት ሳፋ ከተትኩት።

"ይሄን ማን ጣለው?" አልኳት። "ገና ብዙ ይሠራል።"