ለጅቡቲ የተሸከፈው ድስት

መልእክቱ የመጣው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ጥሩወርቅ በመርሳ መናኸሪያ በር ብርቱካኗን አምስት አምስት አድርጋ ስትደረድር ነው። ልጇ ፍሬሕይወት ከጅቡቲ የምትደውለው እሑድ እሑድ ነበር፤ ካልተመቻት ድምጿን ቀድታ ትልካለች። የዛሬው ግን ጽሑፍ ነው፤ ያውም ረጅም። ጥሩወርቅ እጇን በመቀነቷ ጠረገችና የመጀመሪያውን መስመር በጣቷ ተከተለች።

«እማ፣ ማንበብ ችያለሁ ስላልሽኝ ነው የጻፍኩልሽ። ራስሽ አንብቢው። ለማንም አትስጪ።»

ይህችን ብቻ አንብባ እስክትጨርስ አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ወጣ፤ ፓፓያ ሊገዛ የቆመ ሰውዬም ሰልችቶት ሄደ።

ፊደል ከቆጠረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጎልማሶች ጋር ተቀምጣ ትማራለች። መምህርቷ ሂሩት የልጇ እኩያ ብትሆንም መቆጣት ታውቅበታለች። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ አይቸኩሉ። አራት ነጥብ ሲያዩ ይተንፍሱ» ትላታለች። ጥሩወርቅ ግን አራት ነጥብ እስክታገኝ ትንፋሿን ይዛ ነው የምትሮጠው።

«እዚህ ስትመጪ ምን እንደምትበዪ ጨንቆሻል። አንድ በአንድ ልንገርሽ።»

እውነት ነው፤ ጨንቋታል። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ። ፍሬሕይወት ግን በዚያ ሆዷ የአፋርን ሐሩር አቋርጣ መምጣት አትችልም፤ ስለዚህ እናት ወደ ልጇ ልትሄድ ነው። ፓስፖርቱ ወጥቷል። ለገንፎ የሚሆነው ገብስ ተፈጭቷል፤ ቅቤው ተነጥሯል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ጥሩወርቅ ለማንም አፏን ሞልታ ተናግራው አታውቅም።

የልጇ ባል ዓሪፍ ይባላል። የግራና ልጅ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል። ሰው ሲጠይቃት «አማቼ የሀገራችን ልጅ ነው፣ ግራና» ትልና እዚያው ላይ ታቆማለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ በስልክ ስለ ዓሪፍ ጤና፣ ስለ ዓሪፍ ሥራ፣ ስለ ዓሪፍ ጥርስ ሕመም ሳይቀር አውርተዋል። ስለ ሃይማኖቱ ግን አንድም ቀን አላነሡም።

በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለሠርጉም ለለቅሶውም አንድ ዳስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ቢላዋው ይለያል። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ይለይላቸዋል፤ ራሳቸው አርደው ራሳቸው ይሠሩታል። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆንም እንዲሁ ነው። ማንም በማንም አይከፋም። ያ ግን ጎረቤት ነው። በልጅ ቤትስ? ልጇ ባቀረበችው ማዕድ ፊት እጇን ሰብስባ ልትቀመጥ ነው? ወይስ ልትበላ?

መላ አገኘሁ ብላ ነበር። ጉዞዋን ዐቢይ ጾም ውስጥ አደረገችው። ለጾመኛ ሥጋ አይቀርብ፤ ካልቀረበ እንቢ አይባል፤ እንቢ ካልተባለ የሚከፋ አይኖር። ከፋሲካ በፊት ደግሞ አንድ ሰበብ ፈልጋ ትመለሳለች።

ንባቡን ቀጠለች።

«ጠዋት ጠዋት ዳቦ አለ፤ እንደ ዱላ የረዘመ ነው፣ ከፈረንሳዮቹ የቀረ። ሶማሌዎቹ ላሆህ የሚሉትም አለ፤ እንጀራ መስሎሽ ትጎርሺዋለሽ፣ ጣፈጥ ይልብሻል፣ አትደንግጪ። ፉሉን በዘይት አሠራልሻለሁ። ሳምቡሳ ከመግዛትሽ በፊት ምስር መሆኑን ጠይቂ። ሕንዶቹ ሱቅ ምስር በአምስት ቀለም ይሸጣል። የየመኖቹ ዓሣ ግን…»

«ምንድነው እንዲህ አጎንብሰሽ የምትቆፍሪው?»

ኢብቲሳም ናት፤ የሽንኩርት ማዳበሪያዋን እየጎተተች። ሁለቱ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሸጠዋል። ኢብቲሳም በልጃገረድነቷ ጅቡቲ ሰው ቤት ሠርታ ስለመጣች፣ ስለዚያ ከተማ ሲወራ ዳኛዋ እሷ ነች። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገጥመው፣ ሁለቱም ከንፈራቸው ደርቋል።

«የልጄ ነው። ምን እንደምበላ ጽፋልኛለች።»

«አንብቢልኛ! ሆዴ ባይበላ ጆሮዬ ይብላ።»

ምግብ ብቻ ከሆነ ምን አለበት ብላ፣ ጥሩወርቅ ስልኩን ወደ ራሷ አዙራ ድምጿን ከፍ አደረገች። «የየመኖቹ ዓሣ ግን… ለሁለት ተሰንጥቆ… በጉድጓድ ምድጃ ይጋገራል። በርበሬ ይቀቡታል። በትኩስ ቂጣ ነው የሚበላው።»

ኢብቲሳም ዓይኗን ጨፈነች። «ወላሂ ጾሜን ልታስፈቺኝ ነው። ሎሚውን አልጻፈችም? ሎሚ ይጨመቅበታል።»

«ዓሣ በሁዳዴ ይበላል እንዴ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ቄስሽን ጠይቂ። እኔ የማውቀው ዓሣ እንደማይታረድ ነው። ቢስሚላህ የሚልበት የለ፣ በስመ አብ የሚልበት የለ። የማንም ሥጋ አይደለም።» ማዳበሪያዋን አስተካክላ ተቀመጠችበት። «ይልቅ ምን ምን ሸከፍሽ?»

«ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ… አንድ ድስት።»

«ድስት? ጅቡቲ ድስት የለም ያለሽ ማነው?»

ጥሩወርቅ ብርቱካኗን እንደገና መደርደር ጀመረች። ኢብቲሳም ትንሽ አየቻትና ገባት።

«ጥሩዬ፣ ድስት ተሸክመሽ የልጅሽ ቤት ልትገቢ? እኔ ቤት ሽሮ ስትበዪ ድስትሽን ይዘሽ መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ያ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«አንቺ ልጄን አላገባሻትም!»

ኢብቲሳም እስክታስል ሳቀች። ጥሩወርቅም ሳትወድ በግዷ ሳቀች፤ ግን ሆዷ አልሳቀም። ወደ ስልኩ ተመለሰች፤ አሁን በልቧ ነው የምታነበው።

«አሁን ስለ ሥጋ ልንገርሽ። እማ፣ ዓሪፍ ሙስሊም መሆኑን ታውቂያለሽ። አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አንድም ቀን…»

እዚህ ላይ ጣቷ ቆመ። ስልኩን አጥፍታ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«ጨረስሽው?» አለች ኢብቲሳም።

«ዓይኔን ደከመኝ።»

ዓይኗን አልደከማትም። ቀጥሎ ያለውን ፈርታ ነው። ልጅቱ ምግብ ምግብ እያለች ያዋዛችው ለዚህ ቢሆንስ? ቀጣዩ መስመር «እኔም ሰልሜያለሁ፣ የምበላውም ሥጋ የእነሱን ነው» የሚል ቢሆንስ? ለሌላ ሰው እንዳታስነብብ አትስጪ ተብላለች። ራሷ እንዳታነበው ደግሞ፣ አንዴ ያነበቡትን መልሶ አለማንበብ አይቻልም። መሃይም ሳለች እንዲህ ያለ ፍርሃት አታውቅም ነበር፤ ክፉ ወሬ የሚመጣው በሰው አፍ ነበርና፣ የሰውየው ፊት ሲጠቁር አስቀድማ ታውቀው ነበር። ስልክ ግን ፊት የለው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ልቧ ሌላ ጋ ሆኖ፣ አራቱን ብርቱካን አምስት ነው እያለች ከገዢ ጋር ተጨቃጨቀች። ቤት ገብታ ድስቱን ከሻንጣው አወጣችው። ልብሶቿን አጣጠፈች። መልሳ ከተተችው። ክዳኑ ሻንጣውን አላዘጋ ብሎ አስቸገራት፤ በጉልበቷ ተጭና ዘጋችው።

ቅዳሜ ትምህርቷን ትታ ወልድያ ሄደች። የነፍስ አባቷ መርሳ ሲያገለግሉ ኖረው አሁን ወልድያ ነው ያሉት። ሚኒባሱ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩን ማሳ ሲያልፍ ስልኩ ብብቷን አቃጠላት። አጠገቧ የተቀመጠችውን ተማሪ «ልጄ፣ ይቺን መስመር ብቻ» ልትላት አፏን ከፍታ ዘጋችው።

አባን ያገኘቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው። መስቀል ተሳለመች።

«አባ፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ልጇ ሩቅ ሀገር ሙስሊም አግብታ ልትወልድ ነው። ሄዳ ምን ትብላ ብዬ ነው?»

«የጎረቤትሽ ልጅ መቼ ነው የምትወልደው?»

«መጋቢት ውስጥ፣ ለመድኃኔዓለም ሰሞን። ቢዘገይ በሳምንቱ።»

«ቀኑን እስከዚህ ነገረችሽ?»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አባም እንዳላዩ ሆነው ጭራቸውን አወዛወዙ።

«ሥጋው አይበላም፤ እሱን አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ቢላዋ ይለያል ተብሎ እናት ከልጇ ምጥ ትቅር የሚል እኔ አላነበብኩም። ሽሮዋን ይዛ ትሂድ።»

«ልጅቱስ አባ? ልጅቱ ማተቧን…»

«ጠይቃታለች?»

«ኧረ አልጠየቀቻትም።»

«ምነው?»

«ፈርታ ነዋ፣ አባ!»

«እንግዲያ እዚህ ድረስ እኔን ለመጠየቅ የመጣችበትን ጉልበት፣ ልጇን ትጠይቅበት» አሏት።

ዓሣውንም ልትጠይቃቸው አስባ ነበር፤ ግን አፍራ ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ ሚኒባሱ የቆመ መሰላት። መንገዱም፣ ተሳፋሪውም፣ በየፌርማታው ጭነት የሚያወርደው ረዳትም አናደዳት።

መርሳ ስትወርድ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ኢብቲሳም ጾሙ አድክሟት፣ ሽንኩርቷን ተደግፋ አሸልባለች። ጥሩወርቅ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አማተበች፤ ስልኩን ከፈተችና ያቋረጠችበትን መስመር ፈለገች።

«…እኔም አንድም ቀን አልነገርኩሽም። ፈርቼ ነው።»

አራት ነጥብ። ተነፈሰች።

«ማተቤን አልበጠስኩም። እሱም በጥሺ አላለኝም። ቤታችን ሁለት ድስት አለ። የእኔን የገዛልኝ እሱ ነው፤ እንዳይምታታ ብሎ ክዳኑ ቀይ የሆነ መርጦ። ሥጋ ሲያምረው በራሱ ድስት ራሱ ይሠራል፤ ጨው ያበዛል። እኔን ሲያምረኝ የሀበሻ ሹፌሮች የሚያርፉበት ሰፈር እሄዳለሁ፤ እዚያ በእኛ ቢላዋ ይታረዳል።»

ጥሩወርቅ «ማተቤን አልበጠስኩም» የሚለውን ተመልሳ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜም አነበበችው። በትክክል እንዳነበበች ስታምን ወደ ታች ወረደች።

«ጾም ውስጥ መጥተሽ ለፋሲካ ልታመልጪኝ እንዳሰብሽ አውቃለሁ። አታመልጪም። ዓሪፍ በጉን ከአሁኑ አዟል። የሚያርደው አማኑኤል የሚባል የወልድያ ሹፌር ነው። የሥራ ጓደኞቹ ሲያሾፉበት፣ አማቴም ወሎ እኔም ወሎ፣ በግ መለየት ማን ሊያስተምረኝ ነው ይላቸዋል። ስለ ልጁ ግን ገና አልተስማማንም። ስትመጪ እንነጋገራለን። ድስት እንዳትሸከሚ።»

የመጨረሻዋን መስመር ስታነብ ሰው ያያት ይመስል ዙሪያዋን ቃኘች። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ደብተር ገዝታ ያስተማረቻት ልጅ፣ ከድንበር ማዶ ሻንጣዋን ከፍታ ያየች መሰላት። ልቧ ቀለል አላት፤ ግን ወዲያው «ስለ ልጁ» የምትለዋ ቃል እንደ ስንጥር ወጋቻት። ያ ልጅ ወንድ ቢሆን በአርባ ቀኑ፣ ሴት ብትሆን በሰማንያው… እዚያ ላይ ሐሳቧን ገታችው። ይህ በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጨቃጨቁበት ነው፤ ለመጨቃጨቅ ደግሞ መሄድ አለባት።

መልስ መጻፍ ጀመረች። አንዷን ፊደል ትነካለች፣ ጎረቤቷ ትመጣለች፤ ታጠፋለች፣ ሁለት ይጠፋሉ። አዛን ሲሰማ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ነበረች። ኢብቲሳም ነቅታ ውኃ ተጎነጨች፤ ከላስቲክ ቴምር አውጥታ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለጥሩወርቅ ሰጠች። ጥሩወርቅም ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም ነበርና ተቀብላ በላችው።

«ለማነው የምትጽፊው?»

«ለልጄ። ስሚ።» ጥሩወርቅ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ፍሬ፣ እመጣለሁ። ድስቱን አወጣዋለሁ። ስለ ልጁ እኔም የምለው አለኝ። ለፋሲካ ዓሣውንም እሞክራለሁ፤ እሾሁን ግን አንቺ ልቀሚልኝ።»

«አበጀሽ! ላኪው።»

ላከችው። መልእክቷ ስልኩ ላይ አረንጓዴ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሲያያት እፎይ አለች።

«አንድ ነገር ግን» አለች ኢብቲሳም፣ የቴምሩን ፍሬ ወደ መንገዱ እየተፋች። «ጭንቅላቱን አይቆርጡትም። ትሪው ላይ ተኝቶ ዓይኑን አፍጥጦ ያይሻል።»

ጥሩወርቅ ስልኩን ቀና አድርጋ አየችው። ከዚያ ሻጩም ገዢውም ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እሷ ማዳበሪያው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች፣ ስለ ጭንቅላቱም ልትጽፍ በአንድ ጣቷ «ጭ»ን መፈለግ ጀመረች።