አካፋይ አይመርጥም

ባጃጁ ገና ሳይታይ ድምፁ ተሰማኝ፤ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት፣ ማርሽ ሲቀየርለት፣ እንደገና ሲያቃስት። ወንድሜ አብዱናስር፣ በቤት ስሙ ናስሮ፣ ከጭሮ መጣ ማለት ነው። የማካፈያውን ገመድ እንደ አዲስ ወጠርኩት። ከጠዋት ጀምሮ ስወጥረው፣ ሳላላው ነበር።

አባታችን መሰላ ላይ ትቶልን የሄደው አንድ የጫት ማሳ ነው፤ ወራሾቹም ሁለታችን ብቻ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ አንዱ ያካፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። ማሳውን አራት ዓመት የኮተኮትኩት እኔ ስለሆንኩ ማካፈሉ ለእኔ ደረሰ። ገመዱን መሃል ላይ ዘረጋሁ፤ ላይኛውና ታችኛው እኩል ናቸው። ለዓይን እኩል። ታችኛውን ግን አንድ ክንድ ብትቆፍረው ድንጋይ ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ የመስኖውን ውሃ ወደ ታች ብቻ ለቀቅሁት። ታችኛው ቀንበጥ አውጥቶ ያብረቀርቃል፤ ላይኛው አመድ መስሏል። ናስሮ አይቶ ታችኛውን ይወስዳል፣ ለም አፈሩ ለእኔ ይቀራል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

የአባታችን ጓደኛ ሼህ አብዱልቃዲር ለምስክርነት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"አሰላሙ አለይኩም!" አለ ናስሮ። "አቦ፣ አሚኔ፣ ከስተሃል! አንተ ጫቱን ትቅማለህ ወይስ ጫቱ አንተን?"

"ወአለይኩም ሰላም። ምረጥና እንገላገል" አልኩት።

"ምን ያስቸኩልሃል?" ገመዱን ተሻግሮ ተመለሰ። "እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ስለ አፈር ምን አውቃለሁ? አንተ ንገረኝ። ያልከኝን እወስዳለሁ።"

"ደንቡ እንደሱ አይደለም!" ሳላስበው ጮህኩ። "ሼህ፣ ይንገሩት እንጂ!"

"ከጠየቀህ እኔ ምን ላድርግ ልጄ?" አሉ ሼህ። "መልስለት።"

የተዘጋጀሁት ዓይኑን ለማታለል ነበር፤ በገዛ አፌ ለመዋሸት ግን አልነበረም። አስራ ሁለተኛን እስክጨርስ ደብተር የገዛልኝ እሱ ነው። ገመዱን በጣቴ ጠመጠምኩ፣ ፈታሁ፣ ጠመጠምኩ።

"ላይኛው" አልኩ።

ሳቀ። "ይሄ አመዱ?"

"ወላሂ፣ ላይኛው ነው።"

ሳቁን ተወ። ወደ ታች ወረደና ጎንበስ ብሎ አፈሩን ጨበጠ፤ ጭቃው በጣቶቹ መሃል ወጣ። ወደ ላይ ተመልሶ ጨበጠ፤ አቧራ በነነ።

"ታችኛውን መቼ ነው ያጠጣኸው?"

"ትናንት።"

"ላይኛውንስ?"

የገመዱን ጫፍ መሬት ላይ ጣልኩት። በልቡ ምን እንደሚያወጣ እንደሚያወርድ ገብቶኛል፤ ያጠጣሁት ታችኛውን እንዲመርጥ ነው? ወይስ ነቅቶብኝ ወደ ላይ እንዲሸሽ? የነገርኩት እውነት ነው፤ እውነቱን ራሱ ግን ተንኮል አስመስዬዋለሁ። "እመነኝ" ብለው ደግሞ ይብስ ተንኮል ይመስላል።

"ምረጥ እንጂ" አሉ ሼህ።

ናስሮ እጁን በሱሪው ጠረገ። መሬት ላይ የወደቀውን የገመድ ጫፍ አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ። ከዚያ ላይኛውንም ታችኛውንም ሳይመርጥ ወደ ባጃጁ ሄደ፤ አስነሳው፣ ቁልቁለቱን ወረደ።