ማሾዋ እስክትበራ

ሼህ ማህጁብ ማሾ ፋኖሳቸውን ያመጡልኝ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው፣ በላዩ ላይም የፍየል ገመድ ሦስት ዙር አስረውበት ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ከመንጌ በጭነት መኪና ላይ መጥተው አቧራው ገና ከቅንድባቸው አልረገፈም። በረንዳዬ ላይ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧትና ገመዱን ሳይፈቱ እጃቸውን ጫኑባት።

"ኡስታ በኃይሉ አንተ ነህ?"

"ነኝ፣ ሼህ። ኡስታ፣ ባለሙያ ግን አይበሉኝ። አስተማሪ የለኝም፤ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት።"

"እሱ ጥሩ ነው። የሰው ብዙ ካበላሸህ የእኔ ይተርፋል።"

ባለቤቴ አሰፋሽ ከውስጥ ሆና ሳቀች። "አወቁት!" አለች።

ያን ጊዜ ክልሉ ከተቋቋመ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አሶሳ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ የከተማው ጀነሬተር ግን ያው አንድ ነው። ከመሸ በኋላ ትንሽ ይሠራና ያርፋል፣ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ያርፋል። ስለዚህ እኔ ፋኖስ፣ የላምባ ምድጃ፣ ራዲዮ ስጠግን እውላለሁ፤ ከወሎ በሰፈራ ከመጣሁ ጀምሮ እንጀራዬ ይኸው ነው። ማሾም ብዙ አይቻለሁ፤ አየር እየተነፋባት በጨርቅ ከረጢት የምትበራውን ማለቴ ነው። በዚያ አገር ሰው አፍ ረቲና ትባላለች።

ገመዱን ፈትቼ ጆንያውን ስገልጥ ግን ይቺን የመሰለች አይቼ አላውቅም። አረንጓዴ ቀለሟ እንደ ቅርፊት ተልጧል፤ ነዳጅ የምትይዝበት ሆዷ ዝጎ ቀይ አፈር መስሏል፤ መንፊያዋ ደርቆ አልነቃነቅ ብሏል። መስተዋቷ ብቻ ሙሉ ነው።

"የሙዳሲር እናት በማሽላ ውስጥ ደበቀው" አሉ ሼህ ማህጁብ፣ ስለ ባለቤታቸው ስለ ኸድራ ሲናገሩ፤ አማርኛቸው ሴቱንም በወንድ ይጠራል። "ዘጠኝ ዓመት። ዓርብ እፈልገዋለሁ።"

"ለዓርብ? ሼህ፣ ይቺ እኮ አልቃለች። ገበያ ላይ ሌላ ብንፈልግልዎት አይሻልም?"

"ሌላ አይሆንም። ወላሂ ያልኩበት ይሄ ነው።"

በርጩማ አቀረብኩላቸው። የማሾዋን ብሎኖች እየፈታሁ አዳመጥኳቸው።

ማሾዋን የሰጣቸው መንጌ አካባቢ ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው። እሳቸው መንገድ ሲመሩት ስለከረሙ፣ ሲሄድ ከነጀሪካኗ ትቶላቸው ሄደ። ለጥቂት ወራት በዚያ አገር እንደሷ የሚያበራ አልነበረም። በኋላ የሴት ልጃቸው ሠርግ ደረሰ።

"ሰው ከድንበር፣ ከኩርሙክ ሁሉ መጣ። ሙዳሲር አበራው። ትንሽ በራ፣ ከዚያ ቢጫ እሳት፣ ጥቁር ጭስ። ሙሽራው ላይ፣ ነጭ ልብሱ ላይ ጥላሸት! ድርግም አለ። እንግዳ ሳቀ። እኔ..." ቀኝ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። "በዚህ መታሁት። በሰው ፊት። አንተ ገደልከው አልኩ። ወላሂ ይሄ ረቲና እስኪበራ በእኔ ደጅ አትገባም አልኩ። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ወጣ፣ ሱዳን ገባ።"

"መሐላ እኮ ይፈታል፣ ሼህ።"

"ፈታሁ! አሥር ምስኪን አበላሁ። በእኔ በኩል አልቋል። ሙዳሲር ነው ያልፈታው። አሁን ክልሉ ሲመጣ ተመለሰ፣ እዚህ ቢሮ ተቀመጠ። እናቱ ይመጣል፣ ያየዋል። ለእኔ ስኳር ይልካል፣ ሻይ ይልካል። እሱ አይመጣም። 'አባቴ መብራት ሲበራ ብሏል፤ ሲበራ እገባለሁ' ይላል። አሁን ደግሞ ወደ ወንበራ መደቡት። ቅዳሜ ይሄዳል።"

ወንበራ ያው የእኛው ክልል ነው፤ ግን ከዓባይ ማዶ ነው። ከአሶሳ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባን ዞሮ፣ ጎጃምን አቋርጦ ነው የሚደርሰው። የሄደ ሠራተኛ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ሼህ ማህጁብ ደግሞ ሰባውን አልፈዋል።

"እንሞክራለን" አልኩ። ከዚህ በላይ ተስፋ መስጠት እፈራለሁ።

ለዝገቱ ሁመር የሚባለውን ጎምዛዛ የዛፍ ፍሬ ዘፈዘፍኩ። ኮምጣጣ ውኃውን ከጥቂት የወንዝ ጠጠር ጋር ሆዷ ውስጥ ጨምሬ፣ ክዳኗን አጥብቄ መነቅነቅ ጀመርኩ። ሼህ ማህጁብ ዘመድ ቤት አርፈው ስለነበር በማግስቱም ከጸሎት በኋላ መጡ፤ ማሾዋን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ይነቀንቁ ጀመር። ቀይ ውኃ ስናፈስ፣ እንደገና ስንሞላ፣ እኩለ ቀን ላይ ጠራ።

"ቅቤ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ወጥቶ ነበር" አለች አሰፋሽ።

የመንፊያው ቆዳ ደግሞ እንደ ቅጠል ተሰባበረ። በልኩ የሚሆን ለስላሳ ቆዳ ስፈልግ ሼህ ማህጁብ አዩኝ። ከዚያ አንድ እግራቸውን አነሱና የሱዳን ቆዳ ጫማቸውን፣ መርኩባቸውን፣ አውልቀው ሰጡኝ።

"ከምላሱ ቁረጥ።"

"ሼህ፣ ደህና ጫማ እኮ ነው!"

"ቁረጥ። እግር አይናገርም።"

ቆረጥኩ። በኑግ ዘይት ነክሬ በክብ አወጣሁት፤ መንፊያው ልክ እንደ አዲስ አየር ያዘ። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ አንዲት ትንፋሽ እንኳ አታመልጥም።

ችግሩ ሐሙስ መጣ። ነዳጁ ወደ ላይ የሚወጣባትን ቀጭን የናስ ቱቦ ስፈታ፣ ውስጧ በጥቁር ከሰል ተደፍኗል። ፍም ላይ አግዬ፣ ከብስክሌት ፍሬን ገመድ አንዲት ክር መዝዤ ስጎረጉር ከሰሉ ረገፈ። ሳሸተው የላምባ ሽታ አለው። አልገረመኝም፤ ማሾ የሚጠጣው ላምባ አይደል? እኔም የላምባውን ጠርሙስ አንስቼ ልሞላት ነበር።

ግን አንድ ነገር አጣሁ። ማሾ ከመብራቷ በፊት መሞቅ አለባት፤ ለዚያም አልኮል ፈሶ የሚቃጠልባት ትንሽ ሳህን አለቻት። ይቺ የላትም። ተሰብሮ ይሆናል ብዬ የመገጣጠሚያ ምልክት ፈለግኩ፤ ከመጀመሪያውም አልነበራትም። ሳትሞቅ የምትበራ ከሆነች የምትጠጣው ከላምባ የቀለለ ነገር ነው። ጠርሙሱን መልሼ አስቀመጥኩት።

"ሼህ፣ ፈረንጁ ነዳጇን ከየት ነበር የሚቀዳላት?"

"ከጀሪካን።"

"ከየትኛው ጀሪካን?"

"ከመኪናው። ያው ለመኪና የሚጨምረው።"

"እና እሱ የተወልዎት ሲያልቅስ?"

"ለሠርጉ ከኩርሙክ ላምባ ገዛሁ፣ ሞላሁ..." አሉና ጥቁሯን ቱቦ ከእጄ ወሰዱ።

አገላብጠው አዩዋት።

"ቤንዚን ነው የሚጠጣው" አሉ በመጨረሻ።

"እኔም አሁን ላምባ ልሞላት ነበር፣ ሼህ። እጄ ጠርሙሱ ላይ ነበር። ማንም ሰው እንዲሁ ነው የሚያደርገው።"

"ማንም ሰው ልጁን አልመታም" አሉና ተነሡ። ምላሱ በተቆረጠው መርኩብ እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። የዚያን ቀን አልተመለሱም። ማታ ስጸልይ ስማቸውን አነሳሁ፤ ዓርብም ይቀራሉ ብዬ ሰግቼ ነበር።

የጨርቅ ከረጢቷን ያገኘሁት ከነጋዴው ከጁምዓ ነው፤ የኩርሙክ ዕቃ እሱ ጋ ነው የሚራገፈው።

"አንዲት ቀርታኛለች" አለኝ። "ከቀደድካት ራስህ ኩርሙክ ሂድ። የእኔ መኪና ወንዝ ውስጥ ቆሞ ዓሣ እየጠበቀ ነው።"

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሼህ ማህጁብ ከነነጭ ጀለቢያቸው መጡ፤ ንግግራቸው ግን ቀንሷል። ከረጢቷን አሰርኩ፣ ቤንዚን ሞላሁ፣ ከበረንዳው አውጥቼ ሜዳ ላይ አኖርኳት። አሰፋሽ አንድ ባልዲ አሸዋ ይዛ ቆመች።

"ቤቴ ከተቃጠለ እናትህ ቤት ወሎ ነው የምገባው" አለችኝ።

መጀመሪያ ከረጢቷን በክብሪት ለኮስኳት። ጨርቁ ነዶ ወደ ነጭ አመድነት ተለወጠ፤ አመድ ስትሆን ነው የምታበራው። መንፊያውን ሠላሳ ጊዜ ያህል ነፋሁ። እኔ በስመ ሥላሴ ስል እሳቸው ቢስሚላህ አሉ፤ መክፈቻውን አዞርኩት። አንዴ ተፍ አለች፣ ቢጫ ነበልባል ወጣ። የሼህ ማህጁብ እጅ ትከሻዬን ጨመቀ። ከዚያ ድምጿ ተስተካከለ፤ ሽሽሽ ብላ ነጭ ሆነች። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ የግቢያችን አጥር ጥላ ጣለ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ በቀስታ። ቆይተው "መንጌ ድረስ በመኪና ይደርሳል?" ብለው ጠየቁ።

"አይደርስም። ከረጢቷ አሁን አመድ ናት፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ትረግፋለች። ሌላ ደግሞ የለንም።"

መሬት መሬት አዩ። ሐሳባቸው እዚያ አብርተው ልጁን ማስጠራት ነበር። ልጁ ደግሞ ነገ ይሄዳል።

"ሙዳሲር ቤት ከዚህ በእግር ስንት ነው?"

"ሃያ ደቂቃ።"

"እሱ ድረስ ይደርሳል?"

"በቀስታ ከሄድን።"

እንደበራች አነሷት። ክንዳቸውን ከገላቸው አርቀው፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየመረጡ ነበር የሚሄዱት። አሰፋሽ ከነፋሱ በኩል ነጠላዋን ዘርግታ ከጎናቸው ሆነች፤ እኔ ከፊት ድንጋይ በእግሬ ከመንገዱ እየገፋሁ እመራለሁ። ጀነሬተሩ ያን ሳምንትም አርፎ ስለነበር ሰው ሁሉ በየደጁ ተቀምጧል።

"ሼህ፣ ፀሐይዋን አላመኗትም እንዴ?" አለ አንዱ።

"አዲሱ መብራት ኃይል ናቸው!" አለ ሌላው፤ ሳቁ። ሼህ ማህጁብ ዓይናቸውን ከማሾዋ አላነሡም። ሃያ ደቂቃው አርባ ሆነ፤ መንገዱም እየጨለመ ሄደ፣ አንዳንዱ ሰው ተነሥቶ ተከተለን።

ሙዳሲር የተከራየው ቤት በር ክፍት ነበር። ቁመተ ረጅም፣ የሸሚዙን እጀታ የሰበሰበ ወጣት ሻንጣ በገመድ ሲያስር አየሁት። ብርሃኑ ሲደርስበት ቀና አለ። አባቱን አየ፣ ማሾዋን አየ። ገመዱን ከእጁ ለቀቀ።

ሼህ ማህጁብ በበርታኛ ጀመሩ። ወዲያው አቆሙና ዞር ብለው እኛን፣ ጎረቤቶቹን፣ የተከተለውን ሰው አዩ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ ቀጠሉ።

"በሰው ፊት መታሁህ፤ በሰው ፊት እናገራለሁ። ይሄ በመኪና ቤንዚን የሚበራ ነው። ላምባ የሰጠሁት እኔ። የገደልኩት እኔ። አንተ ክብሪት ብቻ ጫርክ።" ትንፋሽ አጠራቸው። "አሁን በራ። የእኔ ደጅ ሩቅ ነው። ይሄ ያንተ ደጅ ነው። እኔ ልግባ?"

ሙዳሲር እስከ ደጁ መጥቶ ቆመ። የአባቱ ክንድ በድካም ዝቅ ይል ጀመር፤ ይኼኔ ልጁ ደንግጦ ሊቀበላቸው ዘለለ። እጅ ከእጅ ተጋጨ። ማሾዋ አንዴ ተናወጠች፣ ከረጢቷ እንደ ዱቄት ረገፈች፤ ነበልባሉ ዘለል ሲል ሙዳሲር ፈጥኖ መክፈቻውን ዘጋው። ጨለማ ሆነ።

"ያ ረቢ!" አሉ ሼህ ማህጁብ። "ጠፋ። ሙዳሲር፣ ጠፋ..."

"አይቻለሁ፣ አባ" አለ ልጁ በጨለማው ውስጥ። "በርቶ አይቻለሁ። ሰውም አይቷል። ግባ።"

ከዚያ ሰው ተላቅሶ ይሁን ተሳስቆ አላውቅም፤ አሰፋሽ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ሙዳሲር በረንዳዬ ላይ ማሾዋን ታቅፎ ደረሰ። ወደ ወንበራ የሚሄደው ሰኞ ሆኗል፤ ዛሬ ከአባቱ ጋር ወደ መንጌ ነው። መኪናው ማዶ ቆሟል፤ ሼህ ማህጁብ ጋቢና ተቀምጠው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጁምዓ ከረጢት ሲያስመጣ ሁለት እንዲያስቀርለት ሙዳሲር አደራ አለኝ።

"አንድ ነገር ደግሞ፣ ጋሼ በኃይሉ። ቀለም አለህ? ሆዷ ላይ ቤንዚን ብለህ ብትጽፍ አባቴ ፊደል አያነብም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"መኪና ሳልባት።"

ሥዕል አልችልም። ቢሆንም አራት ጎማ ያላት ቀይ መኪና ሳልኩ፤ ከጋቢናው ሼህ ማህጁብ "ቶሎ በሉ!" እያሉ በሩን ይደበድባሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ ተነሣ። ሙዳሲር እንዳይነካው በሁለት መዳፉ መሐል ይዞ፣ በቀስታ እየረገጠ መንገዱን ሲሻገር አየሁት።