ካራቤል

እህቴን ጉንፋን የያዛት ቀን መርጦ ነው።

ሆቴል ዕቃ አጣቢ ናት። በቀደም ዋናው ሼፍ ጠርቷት፣ «የፈረንሳይ የሽንኩርት ሾርባ ቤትሽ ሠርተሽ አምጪልኝ። ከጣመኝ ከሳህን አላቅቄ ምድጃ ላይ አቆምሻለሁ» አላት። ቤት ውስጥ ስትዘል ሰነበተች። በቀኑ ጠዋት ግን ስትነሳ አፍንጫዋ ድፍን! ሽታ የለ፣ ጣዕም የለ። ስታወራ ራሱ «መ»ዋ «በ» ሆና ቁጭ አለች።

«ባቡሽ» አለችኝ። ማሙሽ ማለቷ ነው። ማሙሽ የምትለኝ ጉዳይ ሲኖራት ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ «አንተ ጉድ» ነኝ።

«አቤት፣ ባቡርሽ መጣልሽ!»

«አትቀልድ። እኔ ፎርባጆ ልገዛ ሄድኩ። አንተ ሽንኩርቱን በስሱ ክተፍ፣ ቅቤው ውስጥ ጨብር፣ እሳቱን ቀንሰህ ካራቤል እስኪሆን አባስል። ካራቤል! ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

ምንም አልገባኝም።

ስከትፍ አለቀስኩ አይባልም፣ ታጠብኩ ነው የሚባለው። እያማሰልኩ ማሰብ ጀመርኩ። «በ»ዋን ወደ «መ» ስመልሰው ካራሜል። ካራሜል ደግሞ... ከረሜላ! ማማሰያው ከእጄ ሊወድቅ። ሽንኩርት እንዴት አድርጎ ነው ከረሜላ የሚሆነው? ድስቱ ላይ አፈጠጥኩ። ለሰለሰ፣ ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ቡናማ አለ። ከረሜላ ግን ወፍ የለም። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ አልጋው ላይ ጮኸ። ጥላው ሄዳለች።

በቃ፣ ይጨመርበታል ማለቷ ነው አልኩ። እሳቱን አጥፍቼ ሱቅ ሮጥኩ።

«ለሽንኩርት የሚሆን ከረሜላ አለህ?»

ባለሱቁ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። «በልተህ ነው? ኧረ አፍህን ወደዚያ! ከሚንት ሌላ የሚያጠፋልህ የለም።»

«የሚያጠፋ ሳይሆን የሚያጣፍጥ።»

«ሚንት ነው አልኩህ! ይኸው፣ ሰማያዊ ወረቀት ያለው፣ ኃይለኛው።»

እንዲህ አፉን ሞልቶ ሲናገር የሚያውቅ መሰለኝ። አንድ እፍኝ ገዛሁ። ግማሹን ልጬ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩና እሳቱን ለኮስኩ። ቀለጠ። ሽንኩርቱም አማረበት፣ አብረቀረቀ። ቤቱ ግን ጥርስ ሐኪም ቤት ሸተተ። ቀመስኩት። ምላሴ ላይ ስኳር፣ ጉሮሮዬ ላይ በረዶ። ፈረንሳዮች እንዲህ ነው እንዴ የሚወዱት? እኔ ምን አውቄ!

እህቴ ገባች። ድስቱን አየችና ፊቷ በራ።

«ቀለቡ አንደኛ ነው!» ቀለሙ ማለቷ ነው። ማታ ቀቅላ ያስቀመጠችውን የመረቅ ማሰሮ አንስታ ልትገለብጥበት ስትል ቆም አለች። «ቆይ፣ አንተ ቅበስልኝ። ጣዕቡ እንዴት ነው?»

«ይበርዳል።»

«እሳት ላይ እኮ ነው ያለው!»

«ትኩስ ነው፣ ግን ይበርዳል። ስተነፍስ አፌ ውስጥ ንፋስ ይገባል።»

«ዛሬ እንኳን አታላግጥብኝ! ከሳህን የበላቀቂያ ቀኔ ነው!»

ዓይኗ ውስጥ እንባ ሞላ። ሽንኩርት አልነካችም፣ የሽንኩርት አይደለም። እኔ ደግሞ ግራ ገባኝ። ስዋሽ ስታምነኝ የኖረች ሴትዮ፣ አንዴ እውነት ባወራ ቀልድ ሆነባት!

«ከረሜላ አድርገው አላልሽም? አድርጌዋለኋ!» ብዬ ሰማያዊዎቹን ወረቀቶች ከኪሴ ዘረገፍኩላት።

ወረቀቶቹን አየች፣ እኔን አየች። ማመን አልፈለገችም። ማሰሮውን አስቀምጣ ፊቷን ድስቱ እንፋሎት ውስጥ ነከረችና ሳበች። ምንም። ደግማ ሳበች። አፍንጫዋ ውስጥ የሆነ ነገር «ጧ!» ሲል እኔ ራሴ ሰማሁት።

«ማሙሽ!» ብላ ጮኸች።

ባቡሽ አይደለም። ማሙሽ!

«ሸተተኝ! ሚንት ሚንት ይሸታል! አንተ ጉድ፣ ካራሜል እኮ ቀለሙ ነው! የተቃጠለ ስኳር እስኪመስል ማለቴ ነው! ማን ከረሜላ ጨምር አለህ?»

እየሳቀች በማማሰያው ታባርረኛለች። ልደሰት ወይስ ልሩጥ?

ሽንኩርቱን ደፋችው። ደግነቱ መረቁ አልተነካም። የተረፈውን ሽንኩርት ከነከረጢቱ ፊቴ ዘረገፈችና እኔ እንደገና ታጠብኩ። እሷ በራሷ አፍንጫ እያሸተተች፣ በራሷ ምላስ እየቀመሰች ሠራችው። ሾርባውን ፔርሙዝ ውስጥ ሞልታ፣ የተጠበሰውን ዳቦና ፎርማጆውን በላስቲክ ይዛ ስትወጣ፣ በሩ ላይ አፍንጫዋን ሳብ ሳብ አደረገች።

«የተረፈ ከረቤላ አለህ?»

ኪሴን ገለበጥኩላት።

ወደ ማታ ተመለሰች። መጀመሪያ ያየሁት ጣቶቿን ነው። ሁሌ በሳሙና ውሃ ተጨማደው የሚገቡት ጣቶች ዛሬ ደርቀዋል። ቅቤ ቅቤ ይሸታሉ።

«ከአሁን ጀብሮ ብድጃ ላይ ነኝ» አለችና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ፊቴ አስቀመጠች። «ያንተ ነው፣ ብላ።»

ዳቦው ሾርባው ውስጥ ሰምጧል። ፎርማጆው እንደ ማስቲካ ማንኪያዬን ይዞ አልለቅም ይላል። ሽንኩርቱ ደግሞ ማንም ከረሜላ ሳይጨምርበት ይጣፍጣል። ይሄ ነገር ምን ዓይነት ምግብ ነው?

«እሺ፣ እንዴት ነው?» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

«እውነቱን ልንገርሽ?»

«እውነቱን።»

«አይበርድም።»