ሩጫ የለመደ ጆሮ

መምህሩ ይሮጣል። በአዋላጇ ቀኝ ጆሮ ውስጥ ትንፋሽ የማይወስድ ድምፅ ስለ እንግዴ ልጅ ያወራል። ግራ ጆሮዋ ተራዋ ሲጠራ እንዳያመልጣት ያለ ማዳመጫ ቀርቷል። ከፊት ለፊቷ ያለው በር ተዘግቷል፤ ከጀርባው የቃል ፈተናው ይካሄዳል። ሁለት ጊዜ ገብታ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ዛሬ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ከወደቀች ልጅ ስትወልድ የተቋረጠው የሙያ ፈቃዷ አይታደስም፤ ነጩን ጋውን እስከ ወዲያኛው ትሰቅለዋለች።

መምህሩን በአካል አታውቀውም። ትምህርቱን በነፃ በኢንተርኔት ይለቃል፤ በቪዲዮው ላይ የሚታየውም ነጭ ሰሌዳና ብዕር የያዘ እጁ ብቻ ነው። የምታየው ሕፃኑ ሲተኛ ነበር፤ ሕፃኑ ደግሞ ከእንቅልፍ ጋር ተጣልቶ የተወለደ ነው። ስለዚህ የቪዲዮውን ፍጥነት እጥፍ አደረገችው። መጀመሪያ ቃላቱ እርስ በርስ ይጋጩባት ነበር፤ ኋላ ግን ጆሮዋ ሩጫውን ለመደ። ሁለተኛ ጊዜ ስትወድቅ ጥፋቱ የእውቀት ማነስ መስሏት፣ ድስት እያጠበችም ጡት እያጠባችም፣ ያገኘችውን ቪዲዮ ሁሉ አግበሰበሰች።

«ልጄ፣ ይሄን ሰውዬ ግን ማን እያባረረው ነው?» አሉ ሕፃኑን ታቅፈው አጠገቧ የተቀመጡት አማቷ፣ ከማዳመጫው የሚያመልጠውን ጥዝዝታ እየሰሙ። ቤት ውስጥ «የሚባረረው መምህር» የሚል ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው።

ልትስቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። ሕፃኑ እጁን ሰዶ ስልኩን አፈፍ አደረገ። ምኑን እንደነካው እንጃ፣ ድምፁ ድንገት ዘገየ።

የሽማግሌ ድምፅ ነበር፤ ሻከር ያለ፣ የማይቸኩል። «መልሱን ከመናገሬ በፊት ቪዲዮውን አቁሙና አስቡ» አለ። ከዚያ ዝም። ውሃ ሲጎነጭ፣ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ተሰማት። በእጥፍ ሲሄድ ይህ ዝምታ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም ነበር፤ መኖሩንም ልብ ብላ አታውቅም።

«ኧረ ጊዜ የለኝም!» አለችና ፍጥነቱን መለሰችው። ወዲያው በሩ ተከፈተ፤ ተራዋ ተጠርቶ ገባች።

ውስጥ ሁለት ፈታኞች ተቀምጠዋል፤ የሚጽፍ ሐኪምና መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያሳረፈች አንጋፋ አዋላጅ። አንጋፋዋ ስትናገር ከሩዝ ውስጥ ጠጠር የምትለቅም ይመስላል።

«አንዲት እናት... በሰላም ወልዳለች። እንግዴ ልጁም ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ደሙ ግን... አልቆመም። ማህፀኗን በእጅሽ ስትዳስሺው—»

«ማህፀኑ ስለላላ ነው! እርዳታ እጠራለሁ፣ ማህፀኑን አሻለሁ፣ እንዲኮማተር ኦክሲቶሲን እሰጣለሁ፣ የሽንት ፊኛዋን ባዶ አደርጋለሁ...»

ቃላቱ ተንደረደሩ። አንጋፋዋ እስኪያልቅላት ጠበቀቻት።

«አልጨረስኩም ነበር» አለች። «ስትዳስሺው ጠንካራ ነው፣ ልልሽ ነበር።»

አዋላጇ በተቀመጠችበት ደረቀች። ማህፀኑ ከጠነከረ ደሙ የሚመጣው ከተቀደደ ቦታ ነው። ይህን አሳምራ ታውቃለች! «እንዲያ ከሆነ... የተቀደደ ቦታ ካለ አያለሁ፣ የማህፀን በሩንም...» ብላ ጀመረች፤ ሐኪሙ ግን ጽፎ ጨርሶ ነበር።

ያቺ እናት እውነተኛ ብትሆን፣ ይህን ጊዜ ደሟ አልቋል። አዋላጇ አፈረች። ማፈር ብቻ አይደለም፣ ፈራች። ባለፉት ሁለት ፈተናዎችም «ልጨርስ እንጂ» ያላት ሰው እንደነበር አሁን ትዝ አላት። የጎደላት እውቀት አልነበረም።

«ሁለተኛው ጥያቄ የመጨረሻው ነው» አለች አንጋፋዋ። «ነፍሰ ጡር ናት፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ራሷን ክፉኛ ያማታል። ፊቷ አብጧል። የደም ግፊቷ... በጣም ከፍ ብሏል።»

አንጋፋዋ እዚህ ላይ ቆም አለች። መልሱ በአዋላጇ ምላስ ላይ ደርሶ ይዘላል፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ አሰጣጡ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ከጠረጴዛው ሥር ጣቶቿን አቆላልፋ ጨበጠች።

«ሲስተር፣ ጥያቄውን ጨርሰዋል?» አለች አዋላጇ።

አንጋፋዋ መነጽሯን አወለቀች። «አልጨረስኩም» አለች። «ግፊቷን እየለካሽ ሳለ ዓይኗ ተገለበጠ። መላ ሰውነቷ መንዘፍዘፍ ጀመረ። አሁን ጨርሻለሁ። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

በዚህ መሀል ከበሩ ጀርባ ሕፃኑ አለቀሰ። ያ ለቅሶ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚላት፤ ፍጠኚ። ሰውነቷ ሊነሳ ቃጣው። ከውጭ አማቷ እሹሩሩ ሲሉ ሰማች።

«ያልቅስ» አለች በልቧ። ዓይኗን ጨፈነች። በሐሳቧ ሽማግሌው መምህር ውሃውን ተጎነጨ፤ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ነፍሰ ጡሯ አልጋው ላይ ስትንዘፈዘፍ፣ ከጎኗም ማንም እንደሌለ፣ ወለል ብሎ ታያት።

«መጀመሪያ» አለች ዝግ ብላ፣ «ከአጠገቧ ሳልርቅ ተጣርቼ እርዳታ እጠይቃለሁ። በግራ ጎኗ አስተኛታለሁ፤ ምራቋ እንዳያንቃት።»

ሐኪሙ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«ጨረስሽ?» አለች አንጋፋዋ።

ውጭ ለቅሶው በርትቷል።

«አልጨረስኩም፣ ሲስተር» አለች፤ ትንፋሽም ወሰደች።